ጎዋ፣ ጎካርና–ኡዱፒ ወይስ ኮንካን፦ የሕንድን ምዕራባዊ የባሕር ዳርቻ ለሚጎበኝ ሰው የቀረበ ንጽጽር

ከሙምባይ ወደ ደቡብ እስከ ማንጋሉሩ የሚወርደው የሕንድ ምዕራባዊ ዳርቻ በዓረቢያ ባሕርና በምዕራብ ጋት ተራሮች መካከል የተያዘ ጠባብ መሬት ነው። ጠባብ ይሁን እንጂ በሦስት ግዛቶች የተከፈለ በመሆኑ ቋንቋውም፣ የአምልኮው ሥርዓትም፣ ማዕዱም በየመቶ ኪሎ ሜትሩ ይለወጣል። ለጎብኚ የሚሸጡት የጉዞ ጥቅሎች ይህን ልዩነት እምብዛም አያስረዱም፤ አብዛኞቹ ጎዋ ላይ ተጀምረው ጎዋ ላይ ያበቃሉ። የአንድ ሳምንት ወይም የዐሥር ቀን ፈቃድ ብቻ ያለው፣ በዚያችው ጊዜ ውስጥ ባሕሩንም፣ ቤተ መቅደሱንም፣ የአገሬውን ምግብም ማየት የሚሻ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሦስት አማራጮችን ጎን ለጎን ሊመለከት ይገባዋል፦ ጎዋን፣ ከጎዋ በስተደቡብ በካርናታካ ያለውን የጎካርና፣ ሙሩዴሽዋርና ኡዱፒ መስመር፣ እንዲሁም ከጎዋ በስተሰሜን በማሃራሽትራ ያለውን የኮንካን ዳርቻ። ከካርናታካ በስተደቡብ ያለችውን የኬረላን ግዛት ከንጽጽሩ ያስቀረሁት ሆን ብዬ ነው፤ ባሕሩም ምግቡም ከማንም የማያንስ ቢሆንም፣ እንደ ጉሩቫዩር ያሉት ታላላቅ ቤተ መቅደሶቹ ሂንዱ ያልሆነን ሰው ከበር ስለሚመልሱ ከሦስቱ ፍላጎቶች አንዱ ገና ከመነሻው ይጎድላል።

ባሕሩ

በባሕር ዳርቻ ብቻ ከተመዘነ ቅድሚያው የጎዋ ነው። በሰሜን ያሉት ካላንጉት፣ ባጋና አንጁና ሙዚቃ፣ የውኃ ላይ ጨዋታና ሕዝብ የሚበዛባቸው ሲሆኑ፣ በደቡብ ያሉት ፓሎሌምና አጎንዳ ደግሞ ጸጥ ያሉና ከልጆች ጋር ለሚሄድ ሰው የሚመቹ ናቸው። በታወቁት የጎዋ ዳርቻዎች ላይ የሠለጠኑ የነፍስ አድን ሠራተኞች ይቆማሉ፤ የት መዋኘት እንደሚቻልና የት እንደማይቻልም በባንዲራ ይመለከታል። ከባሕር ርቆ ላደገና ዋና በወጉ ለማያውቅ ሰው ይህ አገልግሎት ከሆቴሉ ምቾት በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ነው።

በአንጻሩ በኮንካን የጋንፓቲፑሌ ባሕር ለዓይን እጅግ ያማረ ቢሆንም ወደ ውስጥ የሚጎትት ኃይለኛ ሞገድ ስላለው ሰዎች ሰጥመውበታል፤ ስለዚህ ለእይታ እንጂ ለዋና አልመክረውም። እዚያው ግዛት ውስጥ በማልቫን አጠገብ ያለው ታርካርሊ ግን ነጭ አሸዋና በደረቁ ወራት ጥርት የሚል ውኃ አለው፤ ከአሰልጣኝ ጋር ወደ ባሕሩ ሥር መጥለቅ ለሚፈልግ ሰው ከጎዋ የተሻለ ምርጫ ነው።

የጎካርና ውበት ሌላ ዓይነት ነው። ከከተማው ዋና ዳርቻ ቀጥሎ ኩድሌ፣ ኦም፣ ሃፍ ሙንና ፓራዳይዝ የሚባሉ አነስተኛ ዳርቻዎች ገደል ለገደል በሚሄድ የእግር መንገድ ተያይዘዋል፤ ከኩድሌ እስከ ኦም ግማሽ ሰዓት አይሞላም፣ ወደ መጨረሻዎቹ ሁለቱ ግን በእግር ወይም በጀልባ ካልሆነ አይደረስም። ኦም ስሙን ያገኘው ቅርጹ «ኦም» የሚለውን የሂንዱዎች ቅዱስ ምልክት ስለሚመስል ነው። ድንጋዩ ስለሚበዛና ጥበቃው የጎዋን ያህል ስላልሆነ ግን ጠልቆ መግባት አይገባም። ከኡዱፒ አጠገብ ካለው የማልፔ ዳርቻ በጀልባ የሚደረስባት የቅድስት ማርያም ደሴት ደግሞ በዚህ መስመር ላይ ብቻ የምትገኝ ናት፤ በጥንት ዘመን የፈሰሰ የቀለጠ ዐለት ሲቀዘቅዝ እየተሰነጠቀ ማዕዘን ያላቸው ምሰሶዎች ሆኖ ቆሞባታል፣ የተጠረበ ድንጋይ የተከመረ ይመስላል።

ወቅቱ ለሦስቱም አንድ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ዝናብ ከእኛው ክረምት ጋር ይገጥማል፤ በእነዚህ ወራት ባሕሩ ይናወጣል፣ የደሴትና የምሽግ ጀልባዎችም ይቆማሉ። ምርጡ ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። በሐምሌና በነሐሴ በርካሽ የሚቀርብ ጥቅል የሚረክሰው በዚህ ምክንያት መሆኑን ገዢው ሊያውቅ ይገባል።

ቤተ መቅደሶቹ

ጎዋ በዚህ ረገድ ገዢውን ሊያሳስት ይችላል፤ ቤተ መቅደስ ስለሌላት ሳይሆን ቤተ መቅደሶቿ ከባሕሩ ስለሚርቁ ነው። ፖርቹጋሎች ጎዋን በ1510 እ.ኤ.አ. ይዘው እስከ 1961 እ.ኤ.አ. ገዝተዋታል። በ16ኛው መቶ ዓመት በያዙት ምድር የነበሩት የሂንዱ ቤተ መቅደሶች ሲፈርሱ ምእመናኑ የአምልኮ ምስሎቻቸውን ይዘው ወንዝ ተሻግረው ፖንዳ ወደሚባለው ወረዳ ሸሹ። የማንጌሺና የሻንታ ዱርጋ ቤተ መቅደሶች ዛሬ በኮረብታ መካከል የሚገኙት ስለዚህ ነው። የማንጌሺ ባለ ብዙ ደርብ የመብራት ግንብ በእርግጥ ሊታይ የሚገባው ነው፤ ነገር ግን ከካላንጉት ተነሥቶ ደርሶ ለመመለስ መኪና ተከራይቶ ግማሽ ቀን መመደብ ያስፈልጋል። ጎዋ በእጅጉ የምትበልጠው በአብያተ ክርስቲያናቷ ነው፤ በኦልድ ጎዋ ያሉት፣ የካቶሊኩ ሚስዮናዊ የፍራንሲስ ዛቪየር አፅም ያረፈበትን የቦም ጄሱስ ባዚሊካ ጨምሮ፣ በ1986 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

በጎካርና ግን ቤተ መቅደሱና ባሕሩ የአንድ መንገድ ሁለት ጫፍ ናቸው። ምእመናን በጠዋት ወደ ባሕሩ ወርደው ይታጠቡና በእርጥብ ልብሳቸው ወደ ማሃባሌሽዋር ቤተ መቅደስ ይወጣሉ፤ በመንገዱ ዳር ለበዓል የሚጎተቱት ግዙፍ የእንጨት ሠረገሎች ቆመው ይታያሉ። ትውፊቱ እንደሚለው የአጋንንት ንጉሥ ራቫና የሺቫ የተባለውን አምላክ መንፈሳዊ ኃይል የያዘውን ሊንጋ፣ ማለትም ቅዱስ ድንጋይ፣ ወደ ግዛቱ ወደ ላንካ ሲወስድ የዝሆን ራስ ያለው አምላክ ጋኔሽ በብልሃት መሬት ላይ አስቀመጠበት፤ ራቫናም ነቅሎ ሊያነሣው ቢታገል አልቻለም። የውጭ አገር ሰው ወደ ውስጠኛው መቅደስ እንዲገባ ስለማይፈቀድ ጎብኚው በግቢውና በአካባቢው ሊወሰን ይገባዋል። ይህ ክልከላ ቅር የሚያሰኝ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን መንበሩ ወዳለበት መቅደስ መግባት ለካህናት ብቻ በሆነበት ቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰው ሥርዓቱ አይከብደውም፣ ጫማ ማውለቁም አዲስ አይሆንበትም። ሴቶች ሻንጣቸው ውስጥ ነጠላ ቢይዙ በሁሉም ቦታ ይጠቅማቸዋል፤ ወንዶች ደግሞ በካርናታካ ዳርቻ ባሉ ብዙ ቤተ መቅደሶች ሸሚዝ አውልቁ ሊባሉ ይችላሉ።

ለእኔ የመስመሩ ሁሉ ልብ ኡዱፒ ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት ማድቫቻርያ የተባለው ሊቅ የመሠረተው፣ ክሪሽና የተባለው አምላክ የሚመለክበት ገዳም እስካሁን በስምንት ገዳማት ተራ ይተዳደራል፤ ተራው በየሁለት ዓመቱ በጥር ወር በታላቅ በዓል ይተላለፋል። የክሪሽና ምስል በፊት ለፊት በር ሳይሆን ዘጠኝ ቀዳዳ ባለው መስኮት በኩል ነው የሚታየው። ከውጭ በኩል ደግሞ በካናካዳሳ ስም የሚጠራ መስኮት አለ። ካናካዳሳ በ16ኛው መቶ ዓመት የኖረ ባለቅኔ ሲሆን፣ በዝቅተኛ ትውልዱ ምክንያት እንዳይገባ ተከልክሎ ከውጭ ቆሞ ሲዘምር ግድግዳው እንደተሰነጠቀና ምስሉ ፊቱን ወደ እርሱ እንዳዞረ ይነገራል። በሌላ ቦታ ካየሁት ወርቅና ዕንቁ ይልቅ ይህ የተገፋ ሰው መስኮት ይበልጥብኛል።

ሙሩዴሽዋር በጎካርናና በኡዱፒ መካከል ነው። 37 ሜትር የሚረዝመው የሺቫ ሐውልትና ባለ 20 ፎቁ የመግቢያ ግንብ ባሕሩ ጫፍ ላይ ቆመዋል፤ በአሳንሰር ወጥቶ ዳርቻውን ከላይ ማየት ይቻላል። ሁለቱም በቅርብ ጊዜ የተሠሩ በመሆናቸው ለጥቂት ሰዓት መቆም በቂ ነው፤ ለዚህ ቦታ አዳር የሚያስከፍል ጥቅል አያስፈልግም።

ኮንካን በቤተ መቅደስ በኩል ጋንፓቲፑሌን ያቀርባል፤ እዚህ ምእመናን ቤተ መቅደሱን ብቻ ሳይሆን ከጀርባው ያለውን ኮረብታ በሙሉ ይዞራሉ። ኢትዮጵያዊ ጎብኚን ወደ ኮንካን ሊስበው የሚገባው ግን ቤተ መቅደስ ሳይሆን ምሽግ ነው። ከሙምባይ በስተደቡብ በሙሩድ ፊት ለፊት፣ በባሕር የተከበበው የጃንጂራ ምሽግ «ሐበሺ» ይባሉ የነበሩት፣ ከእኛው የዓለም ክፍል የመጡት ሲዲዎች መቀመጫ ነበር። የማራታው ንጉሥ ሺቫጂም ልጁ ሳምባጂም ሊይዙት ሞክረው አልተሳካላቸውም፤ የሲዲዎቹ ግዛት ከሕንድ ጋር የተዋሐደው በ1948 እ.ኤ.አ. ነው። ከራጃፑሪ ወደብ በሸራ ጀልባ ወደ ቅጥሩ ሲጠጉ በሩ እስኪደረስበት ድረስ በድንጋዩ መካከል ተሰውሮ አይታይም።

ምግብ ቤቶቹ

አስቀድሞ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በሕንድ «ሆቴል» የሚል ሰሌዳ ብዙ ጊዜ ማደሪያ ሳይሆን ምግብ ቤት ማለት ነው።

ዓሣና ሥጋ ለሚበላ ሰው ፉክክሩ በጎዋና በማልቫን መካከል ነው። የጎዋ መንደር ምግብ ቤት በምሳ ሰዓት በአንድ ትሪ ሩዝ፣ በኮኮናት የተሠራ የዓሣ ወጥ፣ የተጠበሰ ዓሣና ሶልካዲ የሚባለውን፣ ከጎምዛዛው የኮኩም ፍሬና ከኮኮናት ወተት የሚዘጋጀውን ሮዝ መጠጥ ያቀርባል። በጠዋት በብስክሌት የሚዞረው ዳቦ ሻጭ ከፖርቹጋሎች ዘመን የቀረ ልማድ ነው፤ ከካሽው ፍሬ የሚወጣው ፌኒ ደግሞ የጎዋ አረቄ ነው። የማልቫን ትሪ ከዚህ ጋር ቢቀራረብም ቅመሙ የበረታ፣ ኮኮናቱም የተቆላ ስለሆነ ለበርበሬ ለለመደ አፍ ይበልጥ ይስማማል፤ ኮምዲ ቫዴ የሚባለውን የዶሮ ወጥ ከተጠበሰ ቂጣ ጋር የቀመሰ ሰው የጎዋውን ለስለስ ብሎ ያገኘዋል። በሚያዝያና በግንቦት ለሚሄድ ደግሞ የራትናጊሪ አልፎንሶ ማንጎ ብቻውን ጉዞውን ይክሳል።

ለጾመኛ ግን ኡዱፒ ተወዳዳሪ የለውም። ምርጡ የጉዞ ወቅት ከኅዳር 15 ከሚጀምረው የነቢያት ጾም ጋር ስለሚገጥም ጉዳዩ ለብዙ አንባቢ ዋና ጉዳይ ነው። የኡዱፒ ምግብ ከገዳሙ ወጥ ቤት የወጣ ነው፤ ሥጋና ዓሣ የለበትም፣ በጥንታዊው ሥርዓት ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም አይገባበትም። የዚህች ከተማ ሰዎች በሙምባይና በሌሎች ከተሞች ምግብ ቤት ከፍተው ዶሳን በመላው ሕንድ አስለምደዋል። የዶሳ ሊጥ ከሩዝና ኡራድ ከሚባል ጥራጥሬ ተፈጭቶ ሌሊቱን ይቦካል። ጋጋሪው ምጣዱን ውኃ ረጭቶ ይጠርገዋል፤ ሊጡን መካከል ላይ ያፈስስና በጭልፋው ቂጥ ወደ ውጭ እያዞረ ያሰፋዋል። እንጀራ ከዳር ተጀምሮ ወደ መካከል ሲሰፋ፣ ዶሳ ከመካከል ተነሥቶ ወደ ዳር ይሄዳል፤ ሽታው ግን የቦካ ሊጥ ሽታ ነው፣ የሚበላውም በቀኝ እጅ ነው።

ጾመኛው ሊጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ። በሕንድ «ፒዩር ቬጅ» ማለት ከሥጋ፣ ከዓሣና ከእንቁላል የጸዳ ማለት እንጂ ከወተትና ከቅቤ የጸዳ ማለት አይደለም፤ ማሳላ ዶሳ ላይ ንጥር ቅቤ ሊፈስበት ይችላል። በካርናታካ በሚነገረው በካናዳ ቋንቋ «ቱፓ ቤዳ» ማለት «ቅቤ አልፈልግም» ማለት ነው፤ ይህን ብሎ ኢድሊ የሚባለውን በእንፋሎት የበሰለ የሩዝ ዳቦ፣ ቅቤ ያልነካው ዶሳ፣ ሳምባር የሚባለውን የጥራጥሬና የአትክልት ወጥና የኮኮናት ማባያ ማዘዝ ይቻላል፣ የኮኮናቱ ማባያ እርጎ እንዳልተቀላቀለበት ግን መጠየቅ ይገባል። በገዳሙ አዳራሽ ለመጣ ሰው ሁሉ ወለል ላይ ተቀምጦ የሚበላው ምሳ በነጻ ነው። በማንጋሉሩ ዙሪያ ዓሣና ዶሮ የሚበላ ሰው ኮሪ ሮቲን፣ ማለትም የዶሮ ወጥ ከደረቅ የሩዝ ቂጣ ጋር፣ ያገኛልና ከጾመኛ ጋር አብሮ የሚጓዝ ሰውም አይቸገርም።

መንገዱና ወጪው

ከአዲስ አበባ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ሙምባይ ስለሚበር ሦስቱም መስመሮች ከዚያ ሊጀመሩ ይችላሉ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚኖሩ ወገኖች ግን ከዱባይ በቀጥታ ወደ ማንጋሉሩ የሚበር አውሮፕላን ስላለ፣ የኡዱፒው መስመር ከጎዋ ባልተናነሰ ቅርብ ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው 741 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የኮንካን ባቡር ሦስቱን ያገናኛል፤ ማትስያጋንዳ የተባለው ባቡር ከሙምባይ ተነሥቶ በጎዋና በኡዱፒ በኩል ማንጋሉሩ ይደርሳል። ትኬቱ ከ60 ቀን አስቀድሞ ለሽያጭ ይቀርባል፤ በታኅሣሥ መጨረሻ ለሚጓዝ ሰው ያኔውኑ መግዛት ግድ ነው።

ጎዋ በታኅሣሥ መጨረሻ ከሦስቱ እጅግ ውድ ናት፤ የታክሲዋም ዋጋ ከሌሎቹ ይከብዳል። በጎካርናና በኡዱፒ ባጃጅ በቂ ነው። ኮንካን ማደሪያው ርካሽ ቢሆንም ከሙሩድ እስከ ማልቫን መንገዱ ረጅምና ጠመዝማዛ ስለሆነ ሹፌር ያለው መኪና የግድ ይላል፣ ቁጠባውም በዚያው ይሄዳል።

ስለዚህ ከትንንሽ ልጆች ጋር ለዋናና ለዕረፍት የሚሄድ ቤተሰብ ደቡብ ጎዋን ይግዛ። ሕንድን ከዚህ በፊት ያየ፣ ጊዜ ያለውና የሲዲዎቹን ምሽግ ማየት የሚሻ ኮንካንን ይምረጥ። ሦስቱንም ፍላጎት በአንድ ሳምንት ማሟላት ለሚፈልግ ሰው ግን ሁለት ሌሊት በፓሎሌም፣ ሁለት በጎካርና፣ በሙሩዴሽዋር አቋርጦ ሦስት በኡዱፒ ማሳለፍን አጥብቄ እመክራለሁ፤ ይህን የሚሸጥ ጥቅል ባይገኝ እንኳ ባቡርና ማደሪያ ለየብቻ በመያዝ ሊፈጸም ይችላል።

የትኛውም ቢመረጥ ከኢትዮጵያ የሚነሣ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ መያዝ አለበት፤ ክትባቱም ከመግባቱ ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት የተወሰደ መሆን አለበት። ካርዱን ያላቀረበ ሰው እስከ 6 ቀን ተለይቶ ሊቆይ ይችላል፤ ይህም የሳምንት ፈቃዱን በሙሉ ማለት ይቻላል ይወስድበታል።