«ቆማ ስለነበረች ነው እንጂ ምንም የላትም» የሚባሉ ሞተር ሳይክሎችን ለምትገዙ ማስጠንቀቂያ

ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ለገጣፎ፣ ሱሉልታ ወይም ገላን አካባቢ ያገለገለ ሞተር ሳይክል የምታፈላልጉ ሰዎች፣ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ሰኔ 30 ቀን 2011 አዲስ አበባ ውስጥ በሞተር ሳይክል መንቀሳቀስ ከተከለከለ፣ ቀጥሎም በፈቃድ ብቻ ከሆነ ወዲህ፣ በየግቢው ሸራ ለብሶ የቀረ ሞተር ብዙ ነው። ከመሥሪያ ቤት በጨረታ የወጡ ያማሃ ዲቲ እና ኤጂ 100ዎችም አሉ። ደላላው ለሁሉም የሚለው አንድ ነው፦ «ካርቡራተሯ ታጥቦ፣ ባትሪ ተቀይሮላት፣ ይኸው ተነሣች።»

ጉዱ ያለው «ተነሣች» ላይ ነው። ለዓመታት በቆመ ኢንጂን ውስጥ ዘይቱ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ያልቃል፤ የፒስተኑ ፋሻም (ፒስተኑን የከበበው ቀለበት) በዝገት ይጣበቃል። እንዲህ የሆነችን ሞተር ኪክ ደጋግሞ መርገጥ፣ ወይም ቁልቁለት ላይ ገፍቶ ማርሽ ማስገባት ፋሻውን ይሰብራል፣ ሲሊንደሩን ይቧጭራል። ሞተሯ ግን ትነሣለች! ጭሱና የዘይት መጉደሉ የሚታየው እናንተ ቤት ከገባች በኋላ ነው። ስለዚህ አቧራ ለብሳ ማንም ያልነካት ሞተር፣ ትናንት በግድ ከተነሣችው ትሻላለች። ገበያው ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ሻጩ ራሱ ላበላሸው ኢንጂን ዋጋ ይጨምርባችኋል።

ከመሄዳችሁ በፊት «እኔ ሳልመጣ እንዳታስነሷት» በሉ። ስትደርሱ መጀመሪያ ኢንጂኑንና ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) በእጃችሁ ዳስሱ። ትኩስ ከሆነ ሌላ ቀን በጠዋት ተመለሱ፤ የሞቀች ሞተር መነሣቷ ምንም አይነግራችሁም። ቤንዚኑ ከየት እንደሚመጣም እዩ። በላስቲክ ቱቦ ከተንጠለጠለ ሃይላንድ ከሆነ ታንኩ ዝጓል ማለት ነው። ክዳኑን ከፍታችሁ በስልክ መብራት ወደ ውስጥ ተመልከቱ። ውጪው አዲስ ቀለም ተቀብቶ ውስጡ የሚረግፍ ቡናማ ዝገት ከሆነ፣ ያ ዝገት ነገ ካርቡራተሩ ውስጥ ነው። ቀላል ዝገት መፍትሔ አለው፦ ታንኩን አውርዶ በኮምጣጤ ሞልቶ 24 ሰዓት ማቆየት፣ በውኃ አጥቦ በቤኪንግ ሶዳ ውኃ ማለቅለቅ፣ ወዲያው በአየር አድርቆ ቤንዚን መሙላት። እርጥቡን ካሳደራችሁት እንደገና ይዝጋል። ታቹ ሳስቶ ማንጠብጠብ ከጀመረ ግን የታንክ ዋጋ ከሒሳቡ ላይ ይቀነስ።

ቀጥሎ ዘይት። ባለ አራት ምት ከሆነች (ቦክሰር፣ ቲቪኤስና የመሳሰሉት) የዘይት መለኪያውን ወይም የመሙያውን ክዳን አውጥታችሁ አሽትቱ። ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ከሆነና ልኩን አልፎ ከተገኘ፣ የካርቡራተሩ መዝጊያ መርፌ አልይዝ ብሎ ቤንዚኑ ወደ ታች ወርዷል፤ በቀጠነ ዘይት የሠራ ኢንጂን ኩሽኔታው ይበላል። ወተት የመሰለ ከሆነ ውኃ ገብቷል። በጣት ሲታሽ ከመጠን በላይ ከወፈረ ደግሞ ጭስና ድምፅ ለመደበቅ የማርሽ ዘይት ተደርጎ ሊሆን ስለሚችል ጠርጥሩ።

ትክክለኛው አነሣስ ይህ ነው፦ ካንዴላውን (እሳት የሚሰጠውን) ፈትታችሁ በቀዳዳው ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ንጹሕ የኢንጂን ዘይት አፍስሱና አሳድሩት። በማግስቱ ካንዴላው ሳይገባ፣ በመጨረሻው ማርሽ ላይ የኋላ ጎማውን በእጅ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ከያዘ አታስገድዱት፤ ዘይት ጨምራችሁ አንድ ሌሊት ደግሞ አቆዩት። በነፃነት ሲዞር አሮጌውን ዘይት አፍስሳችሁ በአዲስ ቀይሩ፤ ኪክ የሚረገጠው ከዚያ በኋላ ነው። ሻጩ አንድ ሌሊት መታገሥ ካልፈቀደ የሚያስቸኩለው ነገር አለ።

ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጥረውን ግፊት) የሚለካ መካኒክ ይዛችሁ ከሄዳችሁ፣ ጋዙን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ይለካ። ዘይት ከመፍሰሱ በፊት ይለካ ማለት አይደለም፤ በደረቁ ማዞር ክልክል ነው። ዘይቱ ተቃጥሎ፣ ኢንጂኑ ሞቆ ካበቃ በኋላ ነው፤ ሲሊንደር ውስጥ ያለ ዘይት ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ያታልላል። «ከፍታው ነው የቀነሰው» የሚለው የሻጭ ሰበብ ደግሞ ግማሹ እውነት ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ንባቡ ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚገኘው በሩብ ያህል ያንሳል፤ መመሪያው 150 ፒኤስአይ ካለ እዚህ 115 አካባቢ ማየት ደንብ ነው። 70 ወይም 80 ከሆነ ግን ከፍታ አይደለም። በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ዘይት ጨምራችሁ ድጋሚ ስትለኩ ብዙ ከጨመረ ፋሻው አልቋል፤ ካልጨመረ ባለ አራት ምቷ ላይ ቫልቩን ተጠራጠሩ።

የዲቲና የኤጂ 100 ገዢዎች ከሁሉም በላይ ተጠንቀቁ። እነዚህ ባለ ሁለት ምት ናቸው፤ ኢንጂኑ ቅባት የሚያገኘው ለብቻው ካለች የዘይት ማጠራቀሚያ በትንሽ ፓምፕ ነው። ለረጅም ጊዜ ሲቆም የዘይት ቱቦው አየር ይይዛል። ሞተሯ ግሩም ሆና ትነሣለች፣ ዘይት ሳይደርሳት ትሠራለች፣ ከዚያ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ላይ ይነክሳል (ተጣብቆ ይቆማል)። ፓምፑ ጭራሹኑ ተነቅሎ የተደፈነባቸውም አሉ፤ ይህ ሳይነገረው ዘይት ያልተደባለቀበት ቤንዚን ሞልቶ የነዳ ሰው ኢንጂኑን ያጣል። ስለዚህ ፓምፑ አየሩ ወጥቶለት በትክክል መሥራቱ እስኪረጋገጥ ድረስ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር የሁለት ምት ዘይት ደባልቁ፤ ለ5 ሊትር 100 ማለት ነው። ሌላው የክራንክ ኦይል ሲል (በክራንኩ ዘንግ ጫፎች ላይ ያለው የላስቲክ መድፈኛ) ነው፤ ሲቆም ይደርቃል። ጋዝ ስትለቁ ድምፁ ቶሎ ካልወረደ በማኛቶው (መብራት አመንጪው) በኩል አየር ትስባለች፤ የማርሽ ዘይቷ እየጎደለ ጭሱ የማያባራ ከሆነ በፍሪሲዮኑ በኩል ያለው ለቋል። መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ማጨሷ ግን የተኛ ዘይት ነው፣ አያስደንግጣችሁ።

«ካርቡራተሯ ታጥቧል» ሲባል ሞተሯ ከሞቀች በኋላ ቾኩን አውርዱና በራሷ እንድትቆም ተዉአት። ያለ ቾክ ከጠፋች የትንሹ ጂግለር (የካርቡራተሩ ቤንዚን መጣኝ) ቀዳዳ በደረቀ ቤንዚን እንደተደፈነ ነው። ቀዳዳው ከግማሽ ሚሊ ሜትር ስለማይበልጥ በስፌት መርፌ የወጋው መካኒክ አስፍቶታል፤ ከዚያ በኋላ ቤንዚን ትጠጣለች። መጽጃው ፈሳሽና አየር ነው፤ ግድ ካለ አንዲት የመዳብ ሽቦ ክር።

ጎማ ላይ በትንሹ የታተሙትን አራት አኃዞች አንብቡ፦ 2415 ካለ በፈረንጅ 2015 በ24ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። «ባለፈው ዓመት ነው የቆመችው» ያለውን ሻጭ የምትይዙበት አንዱ መንገድ ነው፤ የተሰነጠቀ ጎማ ደግሞ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ይቀየራል። የጋዝ ገመዱን እጀታውን አዙራችሁ ልቀቁት፤ ፈጥኖ ካልተመለሰ አትንዷት። የአዲስ ባትሪ ዋጋም አስቡበት።

ወረቀት ላይ ሁለት ነገር ብቻ። ከቀረጥ ነፃ የገባች የድርጅት ሞተር ስም ስታዞሩ ቀረጡ እናንተ ላይ ሊመጣ ስለሚችል መከፈሉን የሚያሳይ ሰነድ ጠይቁ፤ በውክልና ብቻ አትግዙ። የቻሲስና የኢንጂን ቁጥሩን በጨርቅ ጠርጋችሁ ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ፤ «ዝገት ነበረበት» ተብሎ በግራይንደር የተላገ ከሆነ ድርድሩን እዚያው አቁሙ።