ርካሿ ኮድ ማንበቢያ ከወራት በኋላ፦ ሚኒሞ ላይ ለሚንቀጠቀጥ ሞተር

ኤልም 327 የምትባለዋን የብሉቱዝ ኮድ ማንበቢያ የገዛሁት ክረምት ሳይገባ ነበር። አሁን በጋው እየተጋመሰ ነው። የምነዳው ደሴ ነው፤ ኮምቦልቻና ሐይቅም እመላለሳለሁ። መኪናዬ ባለ 1.5 ሊትር ያሪስ ናት።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ መሣሪያዋ ዋጋዋን መልሳለች። ብዙ ሰው የሚገዛት የመኪናው ኮምፒውተር የመዘገበውን የጥፋት ኮድ እንድታነብለት ነው። እኔን የጠቀመችኝ ግን ሞተሩ እየሠራ በምታሳየው ቁጥር ነው።

ችግሩ ይኸውላችሁ። ፒያሳ ላይ ባጃጅ መንገድ ዘግቶብኝ ስቆም፣ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ማለትም ነዳጅ ሳልረግጥ ሲሠራ፣ መሪው እጄ ላይ ይርገበገባል። የአርፒኤም (ሞተሩ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር የሚያሳየው) ቀስት ከ500 እስከ 900 ይወጣል፣ ይወርዳል። ነዳጅ ረገጥ ሳደርግ ጸጥ ይላል። ጤነኛ ሞተር ከሞቀ በኋላ 700 አካባቢ ረግቶ ይቆማል። አንድ ጋራዥ ምንም ሳይለኩ “ካንዴላና ቦቢና ይቀየር፣ አራቱም” አሉኝ። ካንዴላ ነዳጁን የሚያቀጣጥለውን ብልጭታ የሚሰጠው ነው፤ ቦቢና ደግሞ ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚልከው። በግምት ዕቃ ማስቀየር በጣም ያናድደኛል። የአራት ቦቢና ዋጋ ዛሬ ቀልድ አይደለም።

መሣሪያዋን ከመሪው ሥር ባለው ሶኬት ሰካኋት፤ የምታነበውን በብሉቱዝ ስልኬ ላይ ታሳየኛለች። ያወጣችው ኮድ ፒ0171 ነበር፤ ለገባው አየር ነዳጁ አንሷል ማለት ነው። ለምን እንዳነሰ ግን ኮዱ አይናገርም። አየር ሾልኮ እየገባ ይሆናል፣ የነዳጅ ፓምፑ ደክሞ ይሆናል፣ የአየር መለኪያ ሴንሰሩ ቆሽሾ ይሆናል። ይህን የሚለየው “ፊውል ትሪም” የሚለው መስመር ነው። ኮምፒውተሩ በመደበኛው ላይ ስንት በመቶ ነዳጅ እንደጨመረ ወይም ከመደበኛው እንደቀነሰ ያሳያል። አጭርና ረጅም የሚባሉ ሁለት ቁጥሮች አሉት፤ ደምራችሁ አንብቡ። ድምሩ ከዜሮ 10 ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ቢል አያስጨንቅም። የእኔ ሚኒሞ ላይ ከ20 በላይ ነበር። 2500 አርፒኤም ላይ ስይዘው ግን ወደ 5 ወረደ።

ነገሩ የተፈታው እዚህ ጋ ነው። ሚኒሞ ላይ ሞተሩ የሚስበው አየር ትንሽ ስለሆነ፣ በስንጥቅ የሚገባው አየር ጎልቶ ይታያል። ብዙ አየር ሲስብ ያው ስንጥቅ ከቁጥር አይገባም። ጥፋቱ የፓምፕ ወይም የነዳጅ ፊልትሮ ቢሆን ኖሮ ተቃራኒው ይሆን ነበር፤ ቁጥሩ የሚያሻቅበው የሐረጎን ዳገት ስወጣ ነበር።

ስልኬን ይዤ ኮምቦልቻ የማውቃቸው አንድ አንጋፋ መካኒክ ዘንድ ሄድኩ። “ጋሼ፣ አየር የሚያስገባ ቦታ አለ መሰለኝ” አልኳቸው። “አብሽር ልጄ፣ አንተ ብቻ ቁጥሩን እያየህ ንገረኝ” አሉ። ፒንሳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ቱቦዎቹን አንድ በአንድ መቆንጠጥ ጀመሩ። ከሞተሩ የላይኛው ክዳን ወደ አየር ማስገቢያው ማኒፎልድ የሚሄደው፣ የሞተሩን የውስጥ ጋዝ የሚመልሰው የፒሲቪ ቱቦ ላይ ሲደርሱ ቁጥሩ ከ22 ወደ 7 ወደቀ። ሞተሩም ወዲያው ረጋ። ነቅለው ገለበጡት። ከሥሩ፣ ከላይ ሲያዩት በማይታየው ጎኑ፣ ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ ነበረው። ላስቲኩ ደርቆ ሲያጥፉት ይፈረከሳል። የተቀየረው እሱ ብቻ ነው። ካንዴላውም ቦቢናውም አልተነካም።

ክረምቱ መሐል ሌላ መንቀጥቀጥ መጣ። ይኼኛው ቀስቱን ብዙም አያወዛውዝም፤ መኪናዋን ግን በየመሐሉ ነጠቅ ነጠቅ ያደርጋታል። ኮዱ ፒ0302፣ ማለትም ሁለተኛው ሲሊንደር በትክክል አያቃጥልም። ሞተሩን አጥፍቼ የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ቦቢና አቀያየርኩ፤ ኮዱን ሰርዤ ትንሽ ነዳሁ። ፒ0303 ሆኖ ተመለሰ። ጥፋቱ ቦቢናውን ተከትሎ ሄደ። አንድ ቦቢና ገዛሁ፣ አለቀ። ኮዱ እዚያው ሁለተኛው ላይ ቢቀር ኖሮ ቀጥሎ የሚታየው ካንዴላው፣ ከዚያ ነዳጅ የሚረጨው ኢንጀክተር ነበር።

ለደሴ ልጆች አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየር ግፊት ሴንሰር ያለው መኪና ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉ ብቻ ሲከፈት 75 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ያሳያል። ኢንተርኔት ላይ የምታገኙት 101 የባሕር ዳርቻ ቁጥር ነው። ሴንሰሩ ተበላሽቷል ብሎ የሚያስቀይራችሁን አትስሙ።

ጉድለትም አላት። ብሉቱዙ አንዳንዴ ይቋረጣል፤ ነቅሎ መሰካት ግድ ይላል። ኤቢኤስና ኤርባግ እኔ ጋ አታነብም። ተሰክታ ስታድር ባትሪ ስለምትስብ ሁልጊዜ እነቅላታለሁ። የተራው ብሉቱዝ ዓይነት ከአይፎን ጋር አይሠራም። ገበያ ላይ ያለው ደግሞ በአብዛኛው ቅጂ ነው። ዋናው አምራች፣ የካናዳው ኤልም ኤሌክትሮኒክስ፣ በ2022 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል፤ 1.5 የሚባል ስሪትም አውጥቶ አያውቅም። ስለዚህ የተጻፈባትን ቁጥር ሳይሆን መኪናችሁ ላይ ሰክታችሁ ሞክራችሁ ግዙ።

ኮድ ከመሰረዛችሁ በፊት “ፍሪዝ ፍሬም” የሚለውን ገጽ ስክሪንሹት አንሡ። ጥፋቱ ሲመዘገብ ሞተሩ ስንት ዲግሪ እንደነበረና በስንት አርፒኤም ይዞር እንደነበር እዚያ አለ፤ ከሰረዛችሁ አብሮ ይጠፋል። ዲኤክስ ያላችሁ ግን ገንዘባችሁን አታውጡ፤ ባለ ካርቡራቶር መኪና ላይ የምትሰካበት ሶኬትም የለም።