የሕንድ የጀማሪ ዳይሬክተሮች ብሔራዊ ሽልማት፦ ዓይኑ ሩቅ ያያል፣ እጁ ግን አጭር ነው

ሕንድ በመንግሥት ደረጃ ፊልም መሸለም የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። የመጀመሪያ ሙሉ ርዝመት ፊልሙን ለሠራ ዳይሬክተር የሚሰጠው ዘርፍ ግን የተጨመረው ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ28ኛው ዙር፣ የ1980 ፊልሞች ሲዳኙ ነው። ሽልማቱ ለብዙ ዓመታት በኢንድራ ጋንዲ ስም ሲጠራ ኖሮ ከ70ኛው ዙር ጀምሮ ስሟ ተነስቷል፤ አሁን «የዳይሬክተር ምርጥ የመጀመሪያ ፊልም» ብቻ ይባላል። የስሙ መነሳት ብዙ አከራክሯል። ለጀማሪው ዳይሬክተር የሚበልጠው ለውጥ ግን አብሮ የመጣው የገንዘቡ ጉዳይ ነው። ድሮ የሽልማቱን ገንዘብ ፕሮዲውሰሩና ዳይሬክተሩ ይካፈሉት ነበር። አሁን 300,000 ሩፒው ለዳይሬክተሩ ብቻ ይሰጣል፤ ስዋርና ካማል የሚባለው ወርቃማ ሎተስና የምስክር ወረቀቱም ይከተላሉ። ይህ ትክክለኛ ውሳኔ ነው። የመጀመሪያ ፊልም ላይ በጀት ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀረው የዳይሬክተሩ ክፍያ መሆኑን ሙያው ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቀዋል። ገንዘቡ ወደ ዶላር ሲመነዘር 3,500 ገደማ ነው። ፊልም አያሠራም፤ ቀጣዩን ስክሪፕት ለመጻፍ ግን የተወሰኑ ወራት ይገዛል።

የዳኝነቱ አሠራር የሽልማቱ ጠንካራ ጎን ነው። ከ2009 ፊልሞች ወዲህ ፊልሞቹ የሚዳኙት በሁለት ደረጃ ነው። መጀመሪያ አምስት የክልል ቡድኖች፣ ማለትም የሰሜን፣ የምሥራቅ፣ የምዕራብና ሁለት የደቡብ፣ የየአካባቢያቸውን ቋንቋ ፊልሞች አይተው ያጣራሉ። ከዚያ የተመረጡት ወደ ማዕከላዊው የዳኞች ቡድን ያልፋሉ። ይህ ማጣሪያ ባይኖር ኖሮ በሂንዲና በታላላቆቹ የደቡብ ቋንቋዎች የሚሠሩት ፊልሞች ብዛታቸው ብቻ ሌላውን ይሸፍነው ነበር። ውጤቱን ማየት ቀላል ነው፦ በ65ኛው ዙር ያሸነፈው «ሲንጃር» የተሠራው በላክሻድዊፕ ደሴቶች በሚነገረው በጃሳሪ ነው። በ70ኛው ያሸነፈው «ፎጃ» የሃርያንቪ ፊልም ነው። በ71ኛው ደግሞ «አትማፓምፍሌት» የተባለው የማራቲ ፊልም አሸንፏል። ከእነዚህ ቋንቋዎች አንዳንዶቹ ውስጥ ፊልም ሠርቶ ገንዘቡን በሲኒማ ቤት ትኬት መመለስ የማይታሰብ ነው። ገበያ የማያየውን አይቶ መሸለም የመንግሥት ሽልማት ዋና ሥራው ከሆነ፣ ይሄኛው ሥራውን በደንብ ይሠራል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የፊልሙ ዓመት ላይ ነው። የሚቆጠረው ፊልሙ ሲኒማ ቤት የገባበት ቀን ሳይሆን ከሳንሱር ቦርዱ የዕይታ ፈቃድ ያገኘበት ቀን ነው፤ ከጃንዋሪ 1 እስከ ዲሴምበር 31 ባለው ጊዜ ውስጥ መሆን አለበት። የታሚሉ «ማንዴላ» ሕዝብ ፊት የቀረበው በኤፕሪል 2021 ነው፤ ያሸነፈው ግን በ68ኛው ዙር፣ ከ2020 ፊልሞች ጋር ተወዳድሮ ነው። ስለዚህ ኤዲቲንግ ዲሴምበር ላይ የሚያልቅለት ጀማሪ ፈቃዱን በዚያው ወር ማውጣት ወይም ለጃንዋሪ ማቆየት የሚለውን ከፕሮዲውሰሩ ጋር አስቀድሞ መወሰን አለበት። ፈቃዱ ላይ ክርክር ከተነሳ ደግሞ ወራት ይሄዳሉ። በ59ኛው ዙር ያሸነፈው «አራንያ ካንዳም» 52 ቦታ ላይ እንዲቆረጥ ተጠይቆ ጉዳዩ ይግባኝ ሰሚ ችሎት ደርሶ ነበር። ያ ችሎት በ2021 ፈርሷል፤ ዛሬ እንዲህ ያለ ክርክር የገጠመው ሰው የሚቀረው መንገድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው፣ ወጪውም ጊዜውም ለጀማሪ ከባድ ነው። ይህ ሽልማቱ ራሱ የፈጠረው ችግር አይደለም፤ ሆኖም ፈቃድ የሌለው ፊልም ስለማይገባ በሩ ላይ የሚያስቀረው እሱ ነው።

«ጀማሪ» ሲባል ለሙያው አዲስ የሆነ ማለት እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። በ66ኛው ዙር «ናል»ን ይዞ ያሸነፈው ሱዳካር ሬዲ ያካንቲ ከዚያ በፊት በሲኒማቶግራፈርነት የታወቀ ባለሙያ ነው። በ60ኛው ዙር ሽልማቱን ከተጋሩት ሁለት ዳይሬክተሮች አንዱ፣ ቤዳብራታ ፔይን፣ ሳይንቲስት ነበር። የሚፈለገው በዳይሬክተርነት የሠራው የመጀመሪያ ሙሉ ርዝመት ፊልም መሆኑ ነው። ይህም ተገቢ ነው፤ ካሜራ ጀርባ አሥር ዓመት የቆመ ሰውም ቢሆን ተዋናይ መምራትና ታሪክ መሸከም ላይ እኩል ጀማሪ ነው።

ዳኞቹ መንግሥትን የሚያስደስት ፊልም ብቻ አይመርጡም። ለዚህ ከሁሉም የሚበልጠው ማስረጃ በ61ኛው ዙር ያሸነፈው የናግራጅ ማንጁሌ «ፋንድሪ» ነው። ታሪኩ የሚያተኩረው በመንደሩ ዝቅተኛ ተብሎ ከተፈረጀ ወገን በተወለደ ልጅ ላይ ነው፤ ቤተሰቡ አሳማ በመያዝ ሥራ ይታዘዛል። በአንድ ትዕይንት አሳማውን ሊይዙት ሲቃረቡ ከአጠገባቸው ካለው ትምህርት ቤት የብሔራዊ መዝሙሩ ድምፅ ይሰማል፤ ሁሉም ባሉበት ደርቀው ይቆማሉ። አሳማው በዚያ መሀል ይሄዳል። ሙዚቃ አልታከለበትም፣ ማንም አንድ ቃል አይናገርም። የተናቁ ሰዎች የማያከብራቸውን አገር ሲያከብሩ ያሳየ ፊልም በዚያው አገር መንግሥት ተሸልሟል፤ የዳኞቹን ነፃነት ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ አይገኝም።

ድክመቱ የሚጀምረው ከሽልማቱ ማግስት ነው። ሎተሱን የያዘ ሰው ሁለተኛ ፊልሙን በቀላሉ ይሠራል ብሎ የሚያስብ ተሳስቷል። በ1983ቱ ፊልሙ የተሸለመው ኩንዳን ሻህ ሁለተኛ የሲኒማ ፊልሙ የወጣው በ1994 ነው። የ«አራንያ ካንዳም» ዳይሬክተር ቲያጋራጃን ኩማራራጃ ከ2011 እስከ 2019 ጠብቋል። በ63ኛው ዙር በ«ማሳን» ያሸነፈው ኒራጅ ጌዋን ሁለተኛ ሙሉ ርዝመት ፊልሙን ያቀረበው በ2025፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። በተቃራኒው ማንጁሌ በሁለት ዓመት ውስጥ ተመልሶ በማራቲ ሲኒማ ታይቶ የማይታወቅ ገቢ ያስገባ ፊልም ሠርቷል፤ የ«ማንዴላ»ው ማዶን አሽዊንም ብዙ አልቆየም። እነሱን ያፈጠናቸው ግን ሎተሱ ሳይሆን ተመልካቹና ገንዘብ ያወጡት ፕሮዲውሰሮች ናቸው። ሽልማቱ ለሁለተኛው ፊልም የተያዘ በጀት የለውም፣ አሸናፊውን ፊልምም ሲኒማ ቤት የማስገባት ግዴታ አይጥልም። ከ300,000 ሩፒው ይልቅ ለሁለተኛው ስክሪፕት ማስጀመሪያ የሚሆን ድጋፍ ቢያያዝበት ዋጋው ብዙ እጥፍ በሆነ ነበር።

ሌላው መዘግየቱ ነው። የ2015 ፊልሞች ውጤት የተነገረው በማርች 2016፣ ዓመቱ ባለቀ በሦስት ወሩ ነው። የ2023 ፊልሞች ውጤት ግን ኦገስት 2025 ላይ ደርሷል። ለታላቅ ዳይሬክተር ይህ የክብር ጉዳይ ብቻ ነው። ለጀማሪ ግን አከፋፋዩ በሩን የሚከፍትለት ፊልሙ ትኩስ እያለ ስለሆነ፣ እየዘገየ የሚመጣ ሽልማት ፖስተር ላይ እንኳ ሊጻፍ አይደርስም። በዚያ ላይ የዕጩዎች ዝርዝር አይወጣም፤ የሚነገረው አሸናፊው ብቻ ነው። አምስት ዕጩ ቢታወቅ ኖሮ አራት ተጨማሪ ጀማሪዎች ስማቸው ጋዜጣ ላይ በወጣ ነበር፣ ምንም ወጪም አይጠይቅም።

ለእኛ ተመልካቾች ቅርብ የሆነ አንድ ነገር አለ። «ማሳን» ካን ፌስቲቫል ላይ የታየው በ2015 «አን ሰርተን ሪጋርድ» በተባለው ክፍል ነው፤ በዚያው ዓመት፣ በዚያው ክፍል የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ከኢትዮጵያ ቀርቦ ነበር፣ በካን ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆኖ። ሁለቱም የዳይሬክተሮቻቸው የመጀመሪያ ሙሉ ርዝመት ፊልሞች ናቸው። እዚህ ለጀማሪዎች ሽልማት ለማቋቋም የሚያስብ ሰው ካለ ከሕንዱ ሊወስድ የሚገባው በየቋንቋው የሚያጣራውን ቡድንና ለዳይሬክተሩ ብቻ የሚሰጠውን ገንዘብ ነው። የአፋርኛ ወይም የሲዳምኛ ፊልም አዲስ አበባ ላይ ከተቀመጡ፣ ቋንቋውን ከማይሰሙ ዳኞች ፊት ብቻ ከቀረበ የሚመዘነው በሰብታይትሉ ነውና።

አሸናፊዎቹን ለማየት የሚፈልግ ከ«ማሳን» ቢጀምር ይሻላል፤ ከሁሉም ለመከታተል የሚቀልለው እሱ ነው። ቀጥሎ «ፋንድሪ»። «አራንያ ካንዳም» ደም የበዛበት የወንበዴዎች ታሪክ ስለሆነ ከልጆች ጋር አይታይም።