በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ፦ ከ14 ወር አገልግሎት በኋላ

ይህ ግምገማ አዲስ አበባ ውስጥ ባለ ጂ+2 መኖሪያ ቤት ለ14 ወር ስላገለገሉ አራት ማንቂያዎች ነው። አንዱ ሳሎን፣ አንዱ ፎቅ ላይ መኝታ ክፍሎቹ በሚከፈቱበት ኮሪደር፣ አንዱ ማዕድ ቤት፣ አንዱ ደግሞ ጓሮ ባለው ሰርቪስ ቤት ተሰቅለዋል። ለአንድ ብቻ ገንዘብ ያለው ሰው ከሰርቪሱ ይጀምር። በክረምት ማታ ፍም ይዞ በር የሚዘጋው እዚያ ነው።

«ጭሱ ካለቀለት ችግር የለውም» የሚባለው ነገር ብዙ ሰው ገድሏል። ጭሱ የሚያልቀው ከሰሉ ፍም ሲሆን ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዛማ ጋዝ ግን ከቀዩ ፍምም ይወጣል፤ ቀለምም ሽታም የለውም። ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ኪሎ ከሰል ሲነድ በግምት 200 ግራም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣዋል። 3 በ3 ሜትር የሆነ፣ ቁመቱ 2.5 ሜትር የሚደርስ ዝግ ክፍል ውስጥ 50 ግራም ከሰል፣ ማለትም ሁለት ሦስት ፍም፣ ቢነድ አየሩ ከ300 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል 300ው ይህ ጋዝ ማለት ነው) ያልፋል።

ሲገዛ የሚሳሳተው ሰው ብዙ ነው። ገበያ ላይ «ጋዝ ዲቴክተር» ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ የሲሊንደር ጋዝ የሚለይ፣ ሶኬት ላይ የሚሰካ ዕቃ ነው። ስለ ከሰል ምንም አይናገርም፤ መብራት ሲጠፋም አብሮ ይጠፋል፤ ከሰልና ጄኔሬተር የሚወጡት ደግሞ ያኔ ነው። ዘመድ ከአሜሪካ ሲያመጣም ሶኬት ላይ የሚሰካውን አታስመጡ፤ የተሠራው ለ120 ቮልት ስለሆነ የእኛ 220 ያቃጥለዋል። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ፣ ቁጥር የሚያሳይ ስክሪን ያለው፣ ጀርባው ላይ የሚተካበት ዓመት የተጻፈበት ይሁን። ሴንሰሩ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦም ያረጃል፤ መደርደሪያ ላይ ሦስት ዓመት የቆየ ዕቃ ሦስት ዓመት ተቀንሶለታል።

አሰቃቀሉ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። 6 ሚሊ ሜትር ድሪል፣ ሁለት ፊሸር፣ ሁለት ብሎን ይበቃሉ። ግድግዳው ብሎኬት ከሆነ ክፍት ሆዱ ላይ ፊሸሩ ይሽከረከራል፤ አንድ እጅ ያህል ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ እንደገና መብሳት ነው። ደብል ቴፕ አይመከርም፣ ቀለሙን ይዞ ይወድቃል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከአየር ብዙም የማይለይ ክብደት ስላለው ወለል ላይ አይተኛም። ስለዚህ መኝታ ክፍል ውስጥ የተኛ ሰው ጭንቅላት ባለበት ከፍታ ይሰቀላል። ከሰል የሚነድበት ክፍል ውስጥ ደግሞ ከምድጃው ከ1 እስከ 3 ሜትር ራቅ ብሎ፣ ከበሩ ጉበን ከፍ ብሎ፣ ከጣሪያው ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይሁን። የሲሊንደር ጋዝ ማንቂያ ግን ተቃራኒው ነው፤ ያ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ከወለሉ 30 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሰቀላል።

ማዕድ ቤት ያለው በመጀመሪያ ምጣዱ አጠገብ ነበር፤ ስህተት ነበር። የእንጀራው እንፋሎትና የበርበሬው ብናኝ ቀዳዳዎቹን ደፈኗቸው። አሁን በሩ አጠገብ ነው፤ በወር አንዴ በደረቅ ብሩሽ ይጠረጋል። እርጥብ ጨርቅ፣ የተባይ መርጫና ቫርኒሽ አይቅረቡት። ቤቱ ቀለም ሲቀባ ሁሉም ወርደው ፌስታል ውስጥ ታሽገው ቆይተዋል።

ስለ ዝምታው ልናስጠነቅቅ ይገባል። ኢኤን 50291 የተባለው የአውሮፓ ደረጃ 50 ፒፒኤም ላይ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ፣ 100 ላይ ከ10 እስከ 40 ደቂቃ፣ 300 ላይ በ3 ደቂቃ ውስጥ እንዲጮኽ ያዛል። የአሜሪካው ዩኤል 2034 ከዚህም ይታገሣል፤ 70 ፒፒኤም ላይ እስከ 240 ደቂቃ ሊቆይ ይችላል። ዕቃው እያወቀ ዝም ይላል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለ8 ሰዓት የሚፈቅደው 9 ፒፒኤም አካባቢ ስለሆነ፣ ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን ወይም የልብ ሕመምተኛ ያለበት ቤት ጩኸቱን ሳይሆን ቁጥሩን ይመልከት። ሳሎን መስኮት ተዘግቶ ቡና ሲፈላ ስክሪኑ 40 እና 50 ያሳያል፤ ማንቂያው ግን ትንፍሽ አይልም። መስኮትና በር ፊት ለፊት ሲከፈቱ በሩብ ሰዓት ውስጥ ወደ ዜሮ ይወርዳል። አንድ መስኮት ብቻውን ያን ያህል አያወርደውም።

ያለ ከሰል ቁጥሩ የጨመረው ሁለት ጊዜ ነው። አንዱ የኢንቨርተሩ ባትሪ ሲሞላ ነበር፤ ከእርሳስ ባትሪ የሚወጣውን ሃይድሮጅን ሴንሰሩ እንደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይቆጥረዋል። ሁለተኛው የጎረቤት ጄኔሬተር ነው፤ እሱ ግን እውነተኛ ነበር። ጄኔሬተር ከመስኮትና ከበር ቢያንስ 6 ሜትር መራቅ አለበት፤ የጭስ ማውጫውም ወደ ግቢው ውጪ ይዙር።

ድምፁን በተመለከተ ሰርቪሱ ውስጥ ያለው ሲጮኽ ትልቁ ቤት አይሰማም፣ በተለይ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ። በሽቦ አልባ የሚገናኙ ሞዴሎች ውድ ቢሆኑም ለዚህ ቤት ያዋጡ ነበር። አራት ጊዜ ጮኾ ፋታ ከወሰደ ጋዝ አለ፤ በየደቂቃው አንዴ ጢቅ ካለ ድንጋዩ አልቋል። አልካላይን ድንጋይ ከዓመት በላይ ሄዷል፤ ርካሹ ግን በአራተኛው ወር ጮኸ። የሙከራ ቁልፉ የሚፈትሸው ድምፁን፣ ድንጋዩንና ሰርኪቱን ነው፤ ሴንሰሩ በሕይወት መኖሩን አያረጋግጥም።

ሲጮኽ በሩን ከፍቶ ሁሉም ይውጣ፤ ከውጭ ሆኖ ለእሳት አደጋ 939 ይደወል፣ ራሱን የሳተ ካለ ለአምቡላንስ 907። ወተት ማጠጣት ጋዙን ከደም አያወጣም፤ የሚያወጣው ንጹሕ አየርና ሐኪም ቤት የሚሰጥ ኦክስጅን ነው።

የእነዚህ አራቱ ሴንሰሮች ዕድሜ 7 ዓመት ነው። የሚተኩበት ዓመት ከጀርባቸው ስለማይታይ ፊታቸው ላይ በማርከር ተጽፏል።