ሞተር የተገጠመለት ብስክሌት ለሚንተባተብባችሁ፦ ምስጋና እና ጥቆማ

ባለ ሁለት ምት ሞተር የተገጠመለትን ብስክሌቴን የሠራልኝን መካኒክ በአደባባይ ላመሰግነው እወዳለሁ። እጅህ ይባረክ! ስሙ እንዲህ ሜዳ ላይ እንዲወጣ ስለማይወድ አልጽፈውም፤ የሚፈልገው ሰው በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ፣ ፈቃዱን ጠይቄ አገናኛለሁ። ግን «ጎበዝ ነው» ብሎ ማለፍ ሙያውን ማሳነስ ስለሚሆን፣ ምን እንደሠራና ለምን በዚያ ቅደም ተከተል እንደሠራው ልዘርዝር። ተመሳሳይ ችግር ያለባችሁም ትጠቀሙበታላችሁ።

የሞተሩ ጠባይ እንዲህ ነበር። በቀዝቃዛው በደንብ ይነሳል፤ ሲሞቅ ሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጡት የሚሠራበትን ዝቅተኛ ዙር) አይይዝም። ጋዙ ተለቆ እንኳ ዙሩ ቶሎ አይወርድም። መሃል ጋዝ ላይ ደግሞ ይንተባተባል። ይህን ሲያይ ብዙ ሰው ካቻቢቴ ይዞ ካርቡሬተሩ ላይ ይወርዳል። እሱ ካርቡሬተሩን የነካው መጨረሻ ላይ ነው፤ የማመሰግነውም ከምንም በላይ ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ያደረገው ነገር አንድም ቡሎን መፍታት አያስፈልገውም። ሞተሩ ሲሞቅ፣ በሚኒሞ እየሠራ ሳለ የአየር መዝጊያውን (ቾኩን) በግማሽ ዘጋው። ሞተሩ ተረጋጋ። አየር ሲቀንስለት የሚሻለው ሞተር ቀድሞውንም ቤንዚን ያነሰው ነው። ከዚያ መሃል ጋዝ ላይ ያንኑ ደገመ፤ አሁን ባሰበት። እዚያ ላይ ደግሞ ቤንዚን በዝቶበታል ማለት ነው። በሚኒሞ ቤንዚን ያነሰው፣ በመሃል ጋዝ ደግሞ የበዛበት ሞተር በአንድ ብሎን አይስተካከልም፤ ምናልባት አንዱ ችግር ሌላውን ለመሸፈን ሲባል የተፈጠረ ነው አለ። እንዳለውም ሆነ።

ነዳጁን ሙሉ በሙሉ አስወጥቶ አዲስ ቀላቀለ፦ ለ1 ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊ ሊትር የባለ ሁለት ምት ዘይት፣ ማለትም 1 ለ25። በቆርኪ ወይም በዓይን ግምት አይለካም፣ መስመር ባለው መለኪያ እንጂ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ዘይት ሲበዛ ድብልቁ «ወፍራም»፣ ማለትም ቤንዚን የበዛበት የሚሆን ይመስለናል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። በጅግለሩ (ቤንዚኑን በሚመጥነው የካርቡሬተር ቁራጭ) ቀዳዳ የሚያልፈው ፈሳሽ መጠኑ ያው ሆኖ ውስጡ ያለው ዘይት ሲበዛ የሚቃጠለው ቤንዚን ያንሳል። ስለዚህ ዘይት መጨመር ጭስና ካርቦን ያመጣል እንጂ ቤንዚን ላነሰው ሞተር መድኃኒት አይሆንም።

የቤንዚኑን ፍሰት ቱቦውን ነቅሎ ጠርሙስ ውስጥ በማፍሰስ አየ። መጀመሪያ በደንብ ወርዶ ቀስ በቀስ እየቀጠነ ከሄደ የታንከሩ ክዳን መተንፈሻ ተደፍኗል ማለት ነው፤ ክዳኑን ላላ አድርጎ መሞከር ይበቃል። የእኔው ደህና ነበር።

ካንዴላውን (የእሳት ብልጭታ የሚሰጠውን) ፈትቶ የጫፉን ክፍተት ወደ 0.6 ሚሊ ሜትር አመጣው። የማጥፊያውን ሽቦ ነቅሎም ሞከረ፤ የማጥፊያው ሽቦ ፍሬሙን እየነካ እሳት የሚቆራርጥበት ሞተር ብዙ ነውና። በእነዚህ የብስክሌት ሞተሮች ላይ ከማኔቶው (ኤሌክትሪኩን ከሚያመነጨው ክፍል) የሚወጣ ነጭ ሽቦ ካለ መብራት ባያያይዙበት ይሻላል፤ የእሳቱን ጉልበት ይቀንሳል። ጫፉ በቴፕ ተሸፍኖ ይቀመጥ።

ዋናው ሥራ የአየር መፍሰስ ፍለጋው ነበር። ካርቡሬተሩንና ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) አወረደ። ማርሚታው የሚታሰርበትን የሲሊንደሩን የጭስ መውጫ አፍ በወፍራም ጎማ ዘጋው። በመሳቢያው ቱቦ (ካርቡሬተሩን ከሲሊንደሩ በሚያገናኘው) ጫፍ ላይ ከአሮጌ ካላማዳሪያ የተቆረጠ ቫልቭ ያለበት የጎማ ቡሽ አጠበቀ። ፒስተኑን ወደ ላይ አወጣው፤ የመሳቢያው ቀዳዳ ወደ ታችኛው የሞተር ክፍል የሚከፈተው ያን ጊዜ ነውና። ከዚያ በእጅ ፓምፕ ቀስ ብሎ እስከ 0.4 ባር ሞላና የሳሙና ውሃ በብሩሽ ቀባ። ከዚህ በላይ መሙላት ሲሎቹን (አየር እንዳያፈስ የሚዘጉትን የጎማ ቀለበቶች) ስለሚጎዳ ፓምፑ መለኪያ ሊኖረው ይገባል። ጤነኛ ሞተር ግፊቱን ለደቂቃዎች ይይዛል፤ የእኔው ወዲያው ወረደ። የመሳቢያው ቱቦ ከሲሊንደሩ ጋር ከሚገናኝበት፣ ከታችኛው ዳዶ ሥር፣ ጥቃቅን አረፋ ተከታትሎ ወጣ። የማኔቶውንና የሌላኛውን ወገን ሽፋን ከፍቶ በኮሎው (ፒስተኑ በሚያሽከረክረው) ዘንግ ዙሪያ ያሉትን ሲሎችም በዚያው ፈተሸ፤ እነሱ አላፈሰሱም።

የቱቦው ፊት ጠፍጣፋ አልነበረም። ዳዶዎቹ አለመጠን ጠብቀው ጆሮዎቹን አጉብጠዋቸዋል። 400 ቁጥር ሸራ ወረቀት በመስታወት ላይ ዘርግቶ፣ ቱቦውን የስምንት ቁጥር እየሠራ ፊቱ ሁሉ እኩል እስኪያበራ ፈገፈገው። አዲስ ጓርኒሲዮን (በሁለቱ ፊቶች መሃል ገብቶ አየር የሚከለክል ስስ ወረቀት) አስገባ። ሁለቱን ዳዶዎች እያፈራረቀ፣ በትንሽ በትንሹ አጠበቀ። ሲሊኮን አልቀባም፤ ተራው ሲሊኮን በቤንዚን ይላላል፣ ቁራጩም ወደ ሞተሩ ይገባል። ካርቡሬተሩ ቱቦው ላይ በሚገባበት ቦታም የጎማ ቀለበት ጨመረ፣ እዚያም በቀላሉ አየር ይስባልና።

ይህ ፍሳሽ ሚኒሞ ከማበላሸት ያለፈ ነገር ነው። በባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይቱ የሚመጣው ከቤንዚኑ ጋር ነው። አየር በስንጥቅ ሲገባ ቤንዚኑ ሲያንስ ዘይቱም አብሮ ያንሳል፣ ሙቀቱ ግን ይጨምራል። በዚህ ሁኔታ ረጅም ዳገት የተነዳ ፒስተን ሲሊንደሩን ይነክሳል።

ካርቡሬተሩ ተራው የደረሰው አሁን ነው። ጅግለሩን በአየር ነፋው፤ ከተደፈነም የኤሌክትሪክ ሽቦ አንድ ቀጭን የመዳብ ክር እንጂ የብረት መርፌ አይገባበትም፣ ቀዳዳውን ያሰፋል። የጋዙ መርፌ (ጋዝ ሲሰጥ ከፍ እያለች ቤንዚን የምትመጥነው) ቅንጥብ ከላይ ሲቆጠር አራተኛው ጥርስ ላይ ነበር፤ መርፌዋ ወደ ላይ ተነስታ ቤንዚን ታበዛለች። ታች ያለውን የአየር ፍሳሽ ለመሸፈን የተደረገ ነው። ወደ ሦስተኛው ሲመልሰው የመሃል ጋዙ መንተባተብ ጠፋ። ማረጋገጫውን በካንዴላ አየ፦ ሙሉ ጋዝ ለአንድ ደቂቃ ያህል ነድቶ፣ ሞተሩን አጥፍቶ ወዲያው ፍሪሲዮኑን ይዞ ቆመና ካንዴላውን ፈታ። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሷል፣ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ በዝቷል። የወጣው ቡና ዓይነት ነበር።

የማርሚታውን ካርቦንም ጠርጎ መለሰው። በነገራችን ላይ በሚኒሞ ደህና ሠርቶ ጋዝ ሲሰጡት የሚታፈን ሞተር ካላችሁ መጀመሪያ እሱን እዩት።

ያልተበላሸ ዕቃ አልቀየረም፤ የቀየረውን አሮጌውን መልሶ ሰጥቶኛል። የቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) ዳዶዎች ከጥቂት ጉዞ በኋላ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ፣ በመስቀል አቅጣጫ ደግመን እንድንፈትሽም ነግሮኛል።

እሱ ጋ የምትሄዱ ከሆነ ሦስት ነገር አዘጋጁ፣ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው፦ ዘይቱን በስንት ለስንት እንደምትቀላቅሉ፣ ችግሩ በቀዝቃዛው ነው በሙቀቱ፣ እና በየትኛው የጋዝ ደረጃ ላይ እንደሚታይ። ካንዴላውንም ሳታጸዱ አምጡለት።