የምህንድስና ዶክትሬት፦ አሜሪካ ወይስ ጀርመን?

ደብረ ብርሃን ላይ ማታ ማታ ጋቢ ተከናንባችሁ ለፕሮፌሰር ኢሜይል የምትጽፉ ልጆች፣ ይቺን አንብቡልኝ።

አሜሪካ በባችለር ዲግሪ ብቻ በቀጥታ ፒኤችዲ የሚያስገቡ ዩኒቨርሲቲዎች ሞልተዋል። ግን መጀመሪያ ኮርስ አለ፣ ከዚያ የብቃት ፈተና፣ ከዚያ ፕሮፖዛል ማስጸደቅ፣ መጨረሻ ላይ ዲዘርቴሽኑን (የመመረቂያ ጥናቱን) ጽፎ ኮሚቴ ፊት ቆሞ መከላከል። 5 ዓመት ገደማ ይፈጃል።

ጀርመን ሌላ ነው። ለዶክተር ኢንጂነር (የጀርመን የምህንድስና ዶክትሬት) ማዕረግ አብዛኛውን ጊዜ ማስተርስ ግድ ነው፣ ኮርሱ ግን ጥቂት ነው፣ አንዳንዴም ጭራሽ የለም። ቁልፉ አማካሪ ፕሮፌሰር ማግኘት ነው። ብዙዎቹ የዶክትሬት ተማሪዎች እዚያው ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ተቀጥረው፣ ደመወዝ እየበሉ፣ እያስተማሩና የፕሮጀክት ሥራ እየሠሩ ነው የሚመራመሩት፤ ስለዚህ የራስ ጥናት ጊዜ ይሻማባቸዋል።

አንድ የመንገድ መሐንዲስ ጓደኛ አለኝ። የኛ አገር ጥቁር አፈር በክረምት አብጦ በበጋ ሲሰነጠቅ አስፋልቱን እንዴት እንደሚያበላሸው ዓመታት ሲያየው ኖሯል። የምርምር ጥያቄው በእጁ ነው፣ ማስተርስም አለው። እንዲህ ላለ ሰው ጀርመን ይሻላል እላለሁ። ሒሳቡ ላይ መሠረቴ ሳስቷል የምትሉ ግን አሜሪካን ምረጡ፣ ኮርሱ ያነሳችኋል።