«የስ ብቻ በል» የሚላችሁን የኢንሹራንስ ሻጭ ተጠንቀቁ

ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዲሲ ያላችሁ ወገኖች፣ ይህን የምጽፈው ደሜ እንደፈላ ነው። የፊደል ግድፈት ካለ እለፉኝ።

ሰውየውን ታውቁታላችሁ። እሱን ባታውቁት ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። ኢንተርኔት ላይ «ርካሽ የቤተሰብ ኢንሹራንስ» ብላችሁ ስልክ ቁጥራችሁን ስታስገቡ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ስልኩ ዕረፍት የለውም። ከደዋዮቹ መሀል አንዱ አበሻ ይሆናል። «እንዴ፣ የሀገሬ ልጅ ነህ? የት ሰፈር?» ይላል። የልጆቻችሁን ስም ይጠይቃል። ከዚያ «ወንድሜ፣ የማርኬትፕሌሱን ተወው፣ ለእኛ አይሆንም። እኔ የግል ፒፒኦ አለኝ፣ የትም ሆስፒታል ይቀበልሃል» ይላል። (ማርኬትፕሌስ የሚባለው በመንግሥት የተቋቋመው የጤና ኢንሹራንስ መግዣ ነው፤ ፒፒኦ ደግሞ ሐኪምና ሆስፒታል ለመምረጥ ሰፊ ነፃነት የሚሰጥ የኢንሹራንስ ዓይነት ነው።)

ባለቤቴ ከሆቴል ሥራዋ ስትቀነስ ኢንሹራንሳችንም አብሮ ሄደ። በኮብራ፣ ማለትም ከሥራ የወጣ ሰው የአሠሪውን ኢንሹራንስ ከራሱ ኪስ እየከፈለ በሚያቆይበት ሕግ፣ እንቀጥል ብንል ለአራት ሰው የተጠየቅነው ከቤት ኪራያችን ብዙም አያንስም። ሻጩ በወር 290 ዶላር አለን።

ክፍያው ከመጀመሩ በፊት ቬሪፊኬሽን የሚሉት ነገር አለ። ሌላ ሰው መስመሩ ላይ ይገባል፣ ድምፅ ይቀረጻል፣ ትንፋሽ ሳይወስድ በእንግሊዝኛ ያነብልሃል። ሻጩ አስቀድሞ ምን አለኝ? «ፎርማሊቲ ነው ወንድሜ። ሲጠይቁህ የስ ብቻ በል። ጥያቄ ካበዛህ ሲስተሙ ይዘጋና እንደ አዲስ እንጀምራለን።» የስ አልኩ። ካርዱ መጣ። የትልቅ ኔትወርክ (ከኢንሹራንስ ጋር የተዋዋሉ ሐኪሞችና ሆስፒታሎች ስብስብ) አርማ ያለበት፣ የሚያምር ካርድ።

ከዚያ ትልቋ ልጄን ሌሊት ሆዷን አመማት። ትርፍ አንጀት ነው ተባለ። ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አድራ ወጣች። ቢሉ መጣ፤ ከ31 ሺህ ዶላር በላይ። የሰመመን ሐኪሙ ለብቻው ይልካል አሉን።

ሆስፒታሉ የሂሳብ ክፍል ሄድኩ። የምትሠራው ሴትዮ ካርዱን ገልብጣ አየችና ዝም አለች። ከጀርባው ግርጌ ያለችውን ደቃቃ ጽሑፍ በጣቷ አሳየችኝ። ሜጀር ሜዲካል፣ ማለትም ትልልቅ የሕክምና ወጪን የሚሸፍን ሙሉ ኢንሹራንስ፣ አይደለም ይላል።

እዚያው ቆሜ ለሻጩ ደወልኩለት፣ ስፒከር ላይ አድርጌ። «አቤት ወንድሜ! ልጆች እንዴት ናቸው?» አለ። ነገርኩት። ኪቦርድ ሲነካካ ይሰማል። ከዚያ አማርኛውን ጣለና በእንግሊዝኛ «ሰር» ብሎ ጀመረ። የገዛኸው ፊክስድ ኢንደምኒቲ፣ ማለትም ቢሉ ምንም ያህል ቢሆን የተወሰነ ገንዘብ ብቻ የሚከፍል፣ ነው አለኝ። ሆስፒታል ለሚታደርበት ቀን 200 ዶላር፣ ለቀዶ ጥገና 500 ዶላር ይከፍላል፤ የቀረው ያንተ ነው።

«ሁሉንም ይሸፍናል አላልከኝም?» አልኩት። እኔ በአማርኛ ነው የማወራው።

«ሰር፣ ድምፅህ ተቀርጿል። ሜጀር ሜዲካል እንዳልሆነ ተነግሮህ የስ ብለሃል። ላሰማህ?»

ላሰማህ ይለኛል! የስ በል ብሎ ያስጠናኝ ራሱ!

«አንተ አይደለህ እንዴ የስ በል ያልከኝ?» ስለው ሳቀ። በአፍንጫው። ከዚያ ለዚህች ብቻ ወደ አማርኛ ተመለሰ፦ «እንግሊዝኛው ከከበደህ ልጅህን አታስነብባትም ነበር?»

ቤት ተኝታ የተሰፋችው ገና ያልደረቀላትን ልጄን ነው የሚለው። ስልኩን ዘጋው። አሁን ቁጥሬን ብሎክ አድርጎታል። የሂሳብ ክፍሏ ሴትዮ እንግሊዝኛውን በሙሉ ሰምታለች፤ እሷ ናት ውሃ ያመጣችልኝ።

ሻጩ የሚሠራበት ድርጅት ዋናው ቢሮ ደወልኩ። እዚያ የምታነሳው ደግሞ «ከሦስቱ ፕሮዳክቶችህ የትኛውን ነው የምትሰርዘው?» አለችኝ። ሦስት! ለካ ከ290ው ላይ የተወሰነው ስሙን ሰምቼው ለማላውቀው ማኅበር የአባልነት መዋጮ ሆኖ ነው የሚቆረጠው። ሥራ አስኪያጅ አገናኚኝ ስላት ሙዚቃ ከፈተችልኝ፤ ሙዚቃው አልቆ መስመሩ ተቋረጠ።

ይበልጥ የሚያበግነኝ ግን ሕጉ ከእኛ ጋር መሆኑ ነው። ኦባማ በ2010 በፈረመው ሕግ ማርኬትፕሌስ ላይ የሚሸጥ ኢንሹራንስ ሆስፒታል መተኛትን፣ ድንገተኛ ሕክምናን፣ ወሊድንና መድኃኒትን የመሸፈን ግዴታ አለበት። ቀድሞ በነበረ ሕመም ሊከለክልህ አይችልም። በኔትወርኩ ውስጥ ስትታከም ከኪስህ የሚወጣውም ጣሪያ አለው፤ በ2025 ለቤተሰብ 18,400 ዶላር ነበር። ብዙ ነው፣ ግን ጣሪያ ነው። የእሱ ዕቃ ከዚህ ሕግ ውጭ የሚሸጥ ስለሆነ ምንም ጣሪያ የለውም። ደግሞ የሥራ ኢንሹራንስ ሲቋረጥ የምዝገባው ወቅት ባይሆንም በ60 ቀን ውስጥ ማርኬትፕሌስ መግባት ይቻላል። እኛ 60 ቀኑ ውስጥ ነበርን። ሻጩ «ባለቤትህ ሥራዋን መቼ ነው ያቆመችው?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። መልሱን ሰምቶ፣ ቆጥሮ፣ አውቆ ነው ያለፈው።

እንግዲህ ባጭሩ፦ ራሳችሁ ቀጥታ የስቴታችሁን ማርኬትፕሌስ ክፈቱ፤ ሜሪላንድም ዲሲም የራሳቸው አላቸው፣ ቨርጂኒያም ከ2024 ሽፋን ጀምሮ የራሷን ከፍታለች። የልጆች ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅ ላለ ቤተሰቦች የመንግሥት ኢንሹራንስ) እና እዚህ ቨርጂኒያ ፋሚስ የሚባለው (ገቢያቸው ከዚያ ትንሽ ከፍ ላለ ቤተሰቦች ልጆች) ዓመቱን ሙሉ ይመዘግባሉ፤ በገቢያችን አይቀበሉንም ብላችሁ አትተዉት። የፖሊሲው ወረቀት በእጃችሁ ሳይገባ የካርድ ቁጥር አትስጡ።

እኔ ባንክ ሄጄ ክፍያውን አዘግቻለሁ። ለቨርጂኒያ የኢንሹራንስ ቢሮ አቤቱታ አስገብቻለሁ። የሆስፒታሉን የክፍያ እርዳታ ፎርምም ሞልቻለሁ፤ ለትርፍ ያልተቋቋመ ሆስፒታል እንዲህ ያለ ፕሮግራም እንዲኖረው ሕግ ያስገድደዋል፣ እናንተም ቢል ካለባችሁ ጠይቁ። በዚሁ ዓይነት አማርኛ የተሸጠላችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። አቤቱታዬን የያዘችው የቢሮው መርማሪ የመጀመሪያ ጥያቄ «ሌላ ሰውስ አለ?» የሚል ነው።